ገብሱን ማን አረመለት?

ነሐሴ ነው። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት አልፎታል፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የግቢያችን ልጆች ቴሌቪዥን ሲጠፋባቸው የሚሰበሰቡት እኛ ቤት ነው። የሚያመጣቸው የእኔ መደርደሪያ አይደለም፣ እናቴ ከሰል ላይ የምትጠብሰው እሸት በቆሎ ነው። ከመጡ በኋላ ግን መጽሐፍ ይዋሳሉ፣ ሲመልሱም ያነበቡትን ሳያወሩ አይሄዱም።

ያን ቀን ሦስት ነበሩ። ሚሚ ስምንተኛ ክፍል ልትገባ ነው። አቡሽ በክፍል ከእሷ አንድ ያንሳል፣ በድምፅ ግን ይበልጣታል። ባቢ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ሕግ አለን፦ የመጽሐፍ መጨረሻ የተናገረ በቆሎ አይደርሰውም። ሕጉን ያወጣው ባቢ ነው፤ ሁልጊዜ ሳይጨርስ የሚመጣው እሱ ስለሆነ።

ያነበቧቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ለተማሪ ተብለው ያጠሩ ናቸው። ጨዋታው ግን በአማርኛ ነው፣ ያውም እናቴ እየሰማች።

እናቴ፦ ምንድን ነው እንደዚህ የሚያጨቃጭቃችሁ?

አቡሽ፦ የጀብዱ መጽሐፍ ነው እማማ።

እናቴ፦ ጀብዱ! ማንን ገድሎ?

አቡሽ፦ ማንንም አልገደለም። መርከቡ ሰጠመችበትና ብቻውን ደሴት ላይ ቀረ።

ሚሚ፦ በኋላ ይገድላል እኮ።

ባቢ፦ መጨረሻውን አትናገሪ!

ሚሚ፦ መጨረሻው አይደለም፣ መሐሉ ነው።

እናቴ፦ መርከብ ሰጥሞበት ብቻውን ከቀረማ መከራ ነው እንጂ ምኑ ጀብዱ ሆነ?

እውነቷን ነው። ጀብዱ ከጦር ሜዳ የመጣ ቃል ነው፤ ሠርቶ የተመለሰ የሚፎክርበት። ለእነዚህ መጻሕፍት ስናውሰው ልጁ ጎራዴና ተኩስ የሚፈልግ ይመስለናል። ልጆቹ ሲያወሩ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ተኩሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉትና ዕቃ ቆጠራው ላይ ሲደርሱ ተጠግተው ይቀመጣሉ።

ባቢ፦ እኔ ሮቢንሰን ክሩሶን የወደድኩት በጀልባው ምክንያት ነው። ትልቅ ዛፍ ቆረጠ፣ ለመቁረጥ ብቻ 20 ቀን ፈጀበት። ቅርንጫፉን ለመመልመል 14 ቀን። ከዚያ ቅርጹን ሲያወጣ አንድ ወር፣ ውስጡን ሲፈለፍል ሦስት ወር ገደማ። 26 ሰው የሚይዝ ጀልባ ሆነ!

እናቴ፦ ጎበዝ።

ባቢ፦ ከዚያ ወደ ውኃው መግፋት አቃተው።

እናቴ፦ እንዴት?

ባቢ፦ ከብዶት! ውኃው መቶ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። ቦይ ቆፍሬ ውኃውን ወደ ጀልባው ላምጣ ብሎ አሰበ፣ ሲያሰላው ግን ብቻውን አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሊፈጅበት ነው። ተወው። እኔ ስስቅ እማዬ አመመህ ወይ አለችኝ።

እኔ፦ ምኑ ነው ያሳቀህ?

ባቢ፦ ትልቅ ሰው ሆኖ መጀመሪያ አላሰበበትም። እኔ ብሆን ዛፉን ውኃው አጠገብ ነበር የምፈልገው።

አቡሽ፦ አንተ ባለፈው አልጋ ሥር የሠራኸው ቤት በበር አልወጣ ብሎ አልነበር?

ባቢ፦ ካርቶን ነው እሱ! ካርቶን ይታጠፋል።

ሚሚ፦ እኔ ደግሞ የገረመኝ ገንዘቡ ነው። የተሰበረው መርከብ ላይ ገንዘብ ያገኛል፤ እዚህ ምን ትጠቅመኛለህ ብሎ ይንቀዋል፣ ብዙ ይናገረዋል። ትንሽ አሰበና ይዞት ሄደ። እንደ አባቴ ነው። አባቴ የተበላሸ ቻርጀር አይጥልም።

አቡሽ፦ ገብሱስ! የዶሮ መኖ የነበረበት ከረጢት ነበር፣ አይጥ በልቶት ገለባ ብቻ የቀረ መሰለውና ድንጋዩ ሥር አራገፈው። ወር ገደማ ቆይቶ ሲያይ ገብስ በቅሏል።

እናቴ በቆሎውን ማገላበጧን ተወች።

እናቴ፦ ገብስ?

አቡሽ፦ አዎ እማማ፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዛላ።

እናቴ፦ ታዲያ በላው?

አቡሽ፦ አልበላውም። ዘር አደረገው። መጀመሪያ ያለ ወቅቱ ዘርቶት የዘራው ጠፋበት። ከራሱ እህል መቅመስ የጀመረው በአራተኛው ዓመት ነው።

እናቴ፦ ሰው ነው! ዘሩን ያልበላ ሰው ነው። ወፉን ማን ጠበቀለት?

ባቢ፦ ሦስት ወፍ ተኩሶ ገደለና እርሻው ላይ ሰቀላቸው። ሌሎቹ አይተው ጠፉ። ሌሊት ደግሞ ውሻውን እዚያ ያስር ነበር።

እናቴ፦ እኛ ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ ይዘን ነበር የምንውለው። በእናንተ ዕድሜ። እሺ፣ ማን አረመለት?

ሦስቱም ተያዩ።

አቡሽ፦ እኔ ያነበብኩት ላይ አረም የሚባል የለም።

እናቴ፦ አረም የሌለው ገብስ የት አገር ነው የሚበቅለው? አላረስህም በሉት፣ ይህን የጻፈውን ሰው።

ዳንኤል ዴፎ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1719 ሲያወጣ ትችት ገጥሞታል። ከእርሻ በኩል እንዲህ የተመረመረ ግን አይመስለኝም። ሚሚ በዚህ መሐል በቆሎዋን አስቀምጣ ስትጠብቅ ነበር፤ የያዘችው ነገር ቀልድ አልነበረም።

ሚሚ፦ እኔ ሮቢንሰንን አልወደውም። ደሴቱ ላይ ያገኘውን ሰውዬ ካዳነው በኋላ ስሙን አልጠየቀውም። ያገኘሁህ ዓርብ ቀን ነውና ስምህ ዓርብ ይሁን አለው። ቀጥሎ ያስተማረው ቃል “ጌታዬ” የሚለውን ነው።

አቡሽ፦ ቋንቋ አይግባቡማ።

ሚሚ፦ ስም ለመጠየቅ ቋንቋ ያስፈልጋል? ደረትህን ትነካና የራስህን ትላለህ። ከዚያ ወደ እሱ ትጠቁማለህ። ባቢ ሙአለ ሕፃናት ሲገባ ከቻይናዊቷ ልጅ ጋር የተዋወቀው እንደዚያ ነው።

እኔ፦ እናንተ እጅ ባለው አጭር እትም ተዘልሎ ይሆናል እንጂ ከዚያም የባሰ አለ። ሮቢንሰን ደሴቱ ላይ ከመድረሱ በፊት እሱ ራሱ በሞሮኮ ጠረፍ፣ ሳሌ በሚባል ወደብ ባሪያ ሆኖ ነበር። ሲያመልጥ ዙሪ የሚባል ልጅ አብሮት አመለጠ። በትንሽ ጀልባ አንድ ላይ ተርበው፣ አንድ ላይ ፈርተው ወጡ። የፖርቱጋል መርከብ ሲያነሳቸው ሮቢንሰን ልጁን ለካፒቴኑ ሸጠው። በ60 የስፔን ብር።

ባቢ፦ አብሮት ያመለጠውን?

እኔ፦ አብሮት ያመለጠውን። ኋላም መርከቡ የሰጠመችው ከብራዚል ተነስቶ ወደ አፍሪካ ባሪያ ሊገዛ ሲሄድ ነው።

ሚሚ፦ እንዲያውም ደሴቱ ሲያንሰው ነው። ስንት ዓመት ቆየ? 28? ሲያንሰው ነው።

አቡሽ፦ ግን መጽሐፉን ሁለቴ አንብበሽዋል።

ሚሚ፦ አዎ። እየተናደድኩ።

እየተናደዱ ሁለቴ የሚያነቡት መጽሐፍ ምን እንደሚባል አላውቅም። ለእኔ ግን ከማንኛውም ሙገሳ ይበልጣል። አቡሽ ወሬው ከእሱ መራቁን አልወደደውም፤ ቦርሳውን ከፍቶ የራሱን አወጣ። የዡል ቬርን “በሰማንያ ቀን ዓለምን መዞር” ነው።

አቡሽ፦ ይሄኛው ላይ የሚሸጥ ሰው የለም። እንግሊዛዊው ፊልያስ ፎግ በሰማንያ ቀን ዓለምን ዞሬ እመለሳለሁ ብሎ በ20,000 ፓውንድ ተወራረደ። በባቡር፣ በመርከብ፣ በዝሆን፣ በበረዶ ላይ በሸራ። በእኛ በኩልም አልፏል። ከስዊዝ ተነስቶ ቀይ ባሕርን አቋርጦ ኤደን።

እኔ፦ ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። በእኛ አገር አፄ ዮሐንስ በነገሡበት ዓመት።

አቡሽ፦ እኔ የወደድኩት ሰዓቱን ነው። ፓስፓርቱ የሚባል አሽከር አለው። አሽከሩ የኪስ ሰዓት አለው፣ የአያቶቹ ነው። የለንደንን ሰዓት ነው የሚቆጥረው። የትም አገር ሲደርሱ አስተካክል ሲሉት እምቢ ይላል፤ ፀሐይዋ ናት የተሳሳተችው ይላል።

እናቴ፦ እንደ እኔ ነዋ።

አቡሽ፦ እንደ እርስዎ! እማማ ስልክዎ ዘጠኝ ሲል እርስዎ ሦስት ሰዓት ነው ይላሉ። እኛ እኮ ሁልጊዜ ስድስት እየደመርንና እየቀነስን ነው የምንኖረው። እኔ የገባኝ ለዚያ ነው። መሬት 360 ዲግሪ ናት አይደል? ወደ ፀሐይ መውጫ አንድ ዲግሪ በሄድክ ቁጥር 4 ደቂቃ ትቀድማለህ። አራት ጊዜ 360 ስንት ነው?

ባቢ፦ 1440።

አቡሽ፦ 1440 ደቂቃ ስንት ሰዓት ነው?

ባቢ፦ …24።

አቡሽ፦ ስለዚህ ሙሉውን ከዞርክ አንድ ቀን አተረፍክ! ለዚህ ነው ፎግ ዘገየሁ ብሎ ሲያዝን ለካስ አንድ ቀን ቀድሞ ነው የ…

ጸጥ አለ። ባቢ አፉን ከፍቶ ቀረ። አቡሽ የተናገረውን የሰማው ከተናገረ በኋላ ነበር።

ባቢ፦ ገጽ 90 ላይ ነበርኩ።

ሚሚ፦ በቆሎ የለህም።

አቡሽ፦ እሱ ነው እኮ ያሰላው! ራሱ ነው 24 ያለው!

ፍርዱ ጸና። እኔ በሆዴ ለአቡሽ አዘንኩለት። እዚያ መጽሐፍ ላይ ሒሳቡንና መጨረሻውን መለየት ቀላል አይደለም፤ ቬርን አንድ ላይ ነው የሰፋቸው። የአቡሽ አጎት ያለው ዋሽንግተን ነው። እነሱ ቅዳሜ ጠዋት ሲደውሉለት እዚያ ገና ዓርብ ሌሊት ነው። ከትምህርት ቤት ሉል ይልቅ ይህ የስልክ ጥሪ ነው ልጁን ያስተማረው።

ሚሚ፦ አሁን የእኔ ተራ ነው። “የሀብት ደሴት”። መጨረሻውን አልናገርም፣ ስለ ጂም እናት ብቻ ነው የማወራው።

አቡሽ፦ ከዚያ ሁሉ ወንበዴ፣ ከነ አንድ እግሩ ከሎንግ ጆን ሲልቨር፣ እናቱን?

ሚሚ፦ እናቱን። ጂምና እናቱ ጠረፍ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። አንድ የባሕር ሰው ስንት ወር ተቀምጦ ሳይከፍል ሞተባቸው። የባሕር ወንበዴዎቹ ሣጥኑን ሊዘርፉ እየመጡ ነው፤ ጨለማ ነው፣ ሰው አይረዳቸውም። ሣጥኑን ከፈቱት፣ ወርቅ ሞላው! እናቱ ምን አለች መሰላችሁ? ዕዳዬን ብቻ ነው የምወስደው፣ ከዚያ አንዲት ሳንቲም አልጨምርም። ቁጭ ብላ መቁጠር ጀመረች።

ባቢ፦ ወንበዴዎቹ እየመጡ?

ሚሚ፦ እየመጡ! ገንዘቡ ደግሞ የየአገሩ ነው የተደባለቀው፤ እሷ የምታውቀው የእንግሊዙን ብቻ ነው፣ እየለየች ነው የምትቆጥረው። ውጭ የአንድ ዓይነ ስውር ወንበዴ ዱላ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ጂም ሁሉንም እንውሰድና እንሂድ ይላታል። እምቢ። የእኔ እናት ሱቅ ውስጥ እንደዚሁ ናት። ጎርፍ ቢመጣ መልስ ቆጥራ ነው የምትሸሸው።

እናቴ፦ የሰው ገንዘብ ያቃጥላላ።

ሚሚ፦ ልክ አይደለችም እማማ፣ ልጇን ልታስገድለው ነበር። ግን ወደድኳት። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሴት ደግሞ እሷ ብቻ ናት፣ ወዲያው እቤት ትቀራለች። የሀብቱ ካርታ የወጣው እሷ ቁጭ ብላ ስትቆጥር ከተከፈተው ሣጥን ነው፤ መርከብ የሚሳፈረው ጂም ነው።

እኔ፦ እሱ በአጋጣሚ አይደለም። ደራሲው ስቲቨንሰን ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1881፣ ስኮትላንድ ውስጥ ብሬማር በሚባል ቦታ ነው። ክረምቱ እንደዚህ ዝናብ ነበር፣ ከቤት መውጣት አልተቻለም። ከ13 ዓመት እንጀራ ልጁ ጋር በቀለም ሲጫወቱ የደሴት ካርታ ሣሉ። ታሪኩ ከካርታው ወጣ። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ ይጽፍና ለቤተሰቡ ያነብ ነበር። ሴት አታስገባበት ብሎ ያዘዘው እንጀራ ልጁ ነው።

ሚሚ፦ አውቄዋለሁ! ወንድ ልጅ እንዳለበት አውቄዋለሁ።

እኔ፦ የስቲቨንሰን ሽማግሌ አባትም ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። የሟቹ ሣጥን ሊከፈት ሲል ውስጡ ምን ምን እንዳለ ዝርዝሩን ራሳቸው ጽፈው ሰጡት። አብዛኛውን ቀን ዋሉበት።

ባቢ፦ እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው።

እኔ፦ ያ የመጀመሪያው ካርታ ወደ አሳታሚው ሲላክ ጠፋ። መጽሐፉን መልሶ እያነበበ እንደገና መሣል ነበረበት።

አቡሽ፦ ሴት ያለበት ከፈለግሽ የእኔ መጽሐፍ ላይ አውዳ አለች። ከእሳት አድነዋት አብራቸው ዓለምን ዞረች።

ሚሚ፦ አውዳማ ተጭና ነው የዞረችው። እንደ ሻንጣ። አንድ ነገር ስትወስን አሳየኝ።

አቡሽ ገጽ ማገላበጥ ጀመረ። እያገላበጠ ሳለ እኔ ተነስቼ ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወረድኩ።

እኔ፦ አንድ ጥያቄ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ…

ሦስቱም፦ ጦቢያ!

እኔ፦ ደራሲው?

ሦስቱም፦ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ!

እኔ፦ የት ታተመ?

አቡሽ፦ ሮም! በ1900 ዓ.ም.!

እኔ፦ ስለ ምንድን ነው?

ዝናቡ ብቻ ተሰማ።

ባቢ፦ ስለ ኢትዮጵያ?

ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤው አውቃለሁ፣ ለመምህራንም ጭምር። ጦቢያ በጥያቄና መልስ ውድድር አምስት ነጥብ የሚያስገኝ መልስ ሆና ቀርታለች። ደወሉን የሚቀድም ይበዛል፣ ገጹን የገለጠ ያንሳል። እኔም ራሴ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ መልሱን እንጂ ልጅቷን አላውቃትም ነበር።

እኔ፦ ጦቢያ የሰው ስም ነው። የልጅ። ዋህድ የሚባል መንትያ ወንድም አላት። አባታቸው የጦር አለቃ ነው፤ በጦርነት ተሸንፎ ይማረካል። የማያውቀው ነጋዴ ገንዘብ አውጥቶለት ነፃ ይወጣል። ልጁ ዋህድ የዚያን ነጋዴ ብድር ሳልመልስ አልቀመጥም ብሎ ከቤት ይወጣል።

አቡሽ፦ ቆይ፣ ገንዘብ ፍለጋ ነው የወጣው?

እኔ፦ የወጣው ለባለውለታው ሊመልስ ነው።

አቡሽ፦ ፎግ የወጣው ለውርርድ ነው። ጂም ለወርቅ። ሮቢንሰን…

ሚሚ፦ ሰው ሊገዛ። ይሄ ግን ዕዳ ሊከፍል? እንደ ጂም እናት!

እናቴ፦ የሰው ውለታ እንቅልፍ ይነሳል። ከዚያስ?

እኔ፦ መንገድ ላይ ባሪያ ፈንጋዮች ይይዙትና ይሸጡታል።

ባቢ፦ እንደ ዙሪ።

ሚሚ፦ ዙሪን የሸጠው ሮቢንሰን ነው። መጽሐፉ ግን ከሮቢንሰን ጋር ነው የሄደው፣ ዙሪ የት እንደደረሰ ማንም አልፈለገም። ይሄኛው ከማን ጋር ነው የሚሄደው?

እኔ፦ ከሚፈልጉት ጋር። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች።

ሚሚ እጇን ዘረጋች። አልጠየቀችም፣ ዘረጋች ብቻ።

ሚሚ፦ የወንድ ልብስ ለብሳ! ማንም አላወቃትም?

እኔ፦ እነሱም ይያዛሉ። ከያዟቸው ወገን ያለች የንጉሥ ዘመድ ደግሞ ጦቢያን ወንድ መስላት ትወዳታለች።

አቡሽ፦ ኧረ! ከዚያስ?

እኔ፦ ሕግ አለን።

ሚሚ የመጀመሪያውን ገጽ ከፍታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። አማርኛው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ገደል መንገድ ይጠመዘዛል፣ ነጥቡ የት እንዳለ አይታይም። እውነቱን ለመናገር ለልጅ ያጠረ፣ ሥዕል ያለበት ጦቢያ አቅርቤላት ቢሆን ደስ ባለኝ። ሮቢንሰን ክሩሶን ያቃለለለት ሰው ባያገኝ ኖሮ ባቢም ስለ ጀልባው ባልሳቀ።

ሚሚ፦ ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?

እኔ፦ ለእማማ አንብቢላቸው።

እናቴ ማንበብ የተማረችው ትልቅ ሰው ሆና በመሠረተ ትምህርት ነው፤ መጽሐፉን አታውቀውም። ሚሚ ቃሉን ስታነብላት ግን አንዴም አላሰበች፣ “ኧረ ይሄማ” ብላ ትፈታዋለች። ሚሚ ታነባለች፣ እናቴ ትፈታለች፣ አቡሽ ቀጥይ ይላል። አንድ ገጽ እንደዚያ ሄዱ። እናቴ ከእኔ ጋር ስንት ዓመት እዚህ መደርደሪያ አጠገብ ስትቀመጥ አንዲት ገጽ እንድትፈታልኝ ጠይቄያት አላውቅም።

ባቢ፦ ጋሼ፣ ጦቢያና አባቷ ከቤት ሲወጡ ምን ምን ያዙ?

እኔ፦ ምን ለማለት ነው?

ባቢ፦ ስንቅ። ውኃ በምን? ስንት ቀን የሚበቃ?

እኔ፦ ሚሚ አንብባ ትነግርሃለች።

ሚሚ፦ እጽፍልሃለሁ። ዝርዝሩን።

ዝናቡ ሲያባራ ሚሚ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ ሹራቧ ሥር አስገባችው። ባቢ ተከትሏት ወጣ። አቡሽ በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። እናቴ አልተናገረችም፤ አንድ ጥብስ በጋዜጣ ጠቅልላ እጁ ላይ አደረገችለት። ሕጉን ያወጣው ባቢ ጀርባውን ሰጥቷል።

እናቴ፦ አቡሽ! ያን ገብስ ማን እንዳረመለት ጠይቅልኝ!

ማታ መብራት ሲመጣ ትልቁን ሮቢንሰን ክሩሶ አወረድኩና አረም መፈለግ ጀመርኩ።